ንጉሥም ይሰደዳል ወይ?

ባለፈው የማኅበረሰባችን ስብሰባ ላይ «ወላጆች ስለ ልጆቻችን አንዳንድ ነገር ጻፉ» ሲባል እጄን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ጎረቤቴ ናት «እሱ ካምፓላ ድረስ ልጆቹን ወስዶ ቤተ መንግሥት አሳይቷል፣ እሱ ይጻፍ» ብላ ያጋፈጠችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። «የራሽን ካርድ ይዞ ቤተ መንግሥት!» ያለም አልጠፋም። እውነቱን ነው፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ግን ያን ቀን ያየሁትና የደረሰብኝ ነገር ተስቆ የሚታለፍ ስላልሆነ እነሆ ብዕሬን አነሣሁ። ጸሐፊ አይደለሁም፤ ስሕተት ካገኛችሁ አርማችሁ አንብቡልኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከትልቋ ልጄ ደብተር ነው። ዕድሜዋ 13 ነው። እዚህ ናኪቫሌ ስንገባ እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ነበር፤ ስለ አገሯ የምታውቀው እኛ የነገርናትን ብቻ ነው። ወንድሟ 9 ዓመቱ፣ ትንሿ ደግሞ 6 ዓመቷ ነው፤ ሁለቱም እዚሁ የተወለዱ ናቸው። ትምህርት ቤት ውስጥ «ቤተሰቤ ወደዚህ እንዴት መጣ?» የሚል ድርሰት ታዘው የኮንጎዎቹ ልጆች፣ የቡሩንዲዎቹ፣ የሶማሌዎቹ ሁሉ አንድ አንድ ገጽ ጽፈው አመጡ። የእኔ ልጅ የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነው። «አባቴ አልነገረኝም» ይላል። መምህሩ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ጠይቂው» ብሎ ጽፎበታል።

ደብተሩን አየሁና እንዳላየ ሆኜ ቦታው መለስኩት። እሷም አልጠየቀችኝም። ድሮ ትጠይቀኝ ነበር። በሁለቱ እጆቼ አንጓ ላይ ጠባሳ አለ፤ «ይሄ ምንድን ነው አባዬ?» ስትለኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነበር፣ «የፈላ ዘይት ፈስሶብኝ ነው»። ካደገች ወዲህ መጠየቋን ተወች። እኔም «ልጅ ናት፣ ረሳችው» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ልጅ እንደማይረሳ መቼም ሁላችንም እናውቃለን።

በዚህ መሐል ወንዱ ልጄ ጆሮውን ታሞ ካምፓላ ሆስፒታል ተላከ። ትምህርት ቤት ዝግ ነበር። እናታቸው ደግሞ ለሠርግ የታዘዘ እንጀራ ይዛ እሳት ላይ ናት። ካባላጋላ የምትኖር አንዲት የአገራችን ልጅ አለች፣ ልጆቹ «አክስቴ» ነው የሚሏት። እሷ በስልክ «ሦስቱንም ይዘሃቸው ና፣ እኔ ጋ ታርፋላችሁ» አለችኝ፤ ከትራንስፖርቱም ግማሹን እሷ ቻለችልን። እግዜር ይስጣት።

መንገዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከዚህ እስከ ምባራራ አቧራ መጥጠን፣ ከምባራራ ካምፓላ 270 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ነው። ሉካያ ላይ ሻጮቹ በመስኮት ሥጋ ጥብስና ጎንጃ ሲያቀብሉ ልጆቹ አበዱ። ካያብዌ ስንደርስ የምድር ወገብን መስመር አሳየኋቸው። ትንሿ አፏን ከፍታ ቀረች። «አሁን የት ነን አባዬ? በየትኛው በኩል?» አለች። «በሰሜን፣ በአገራችን በኩል» አልኳት። ይህን ስል ትልቋ ፊቷን አዙራ አየችኝ፤ ምንም አልተናገረችም።

ረቡዕ ሐኪሙ ልጁን አየው። ውጤቱ ለዓርብ ሆነ። ሐሙስን ምን እናድርግ? ማታ ቡና ላይ ወንዱ «አንበሳ እንይ» አለ፤ ወጪው ከአቅማችን በላይ ሆነ። ያኔ ነው «የንጉሥ ቤት አሳያችኋለሁ» ያልኩት። ከየት መጣልኝ አትበሉኝ፤ የመጣልኝ ከልጅነቴ ነው።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ወስዶን ነበር። ግቢው የጃንሆይ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረ ነው፤ ኋላ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ ዛሬ ሙዚየም አለበት። ከሕንፃው ፊት ለፊት ጣሊያን የሠራው ደረጃ ቆሟል። ደረጃዎቹ ፋሽስቶች ሮም ላይ ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓመት የሚቆጥሩ ነበሩ፤ ነጻነታችን ሲመለስ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። እኛ እየጮህን ደረጃውን ቆጠርን። ከዚያ ፎቅ ወጥተን የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት አየን። መምህራችን ስለ አልጋው፣ ስለ መታጠቢያ ቤቱ፣ ስለ ልብሱ ነገረን። አፋችንን ከፍተን አዳመጥን። ያን ቀን ቤቴ ስመለስ እኔ ራሴ ንጉሥ የሆንኩ ነበር የመሰለኝ።

ያልነገረን ነገር እንዳለ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥቱ ሲከሽፍ ታግተው የነበሩት ባለሥልጣናት የተረሸኑት እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ነው። መምህራችን ይህን ዘሎት አለፈ። አልፈርድበትም፣ እኔም ብሆን ለስድስተኛ ክፍል ተማሪ እንደዚያው ሳላደርግ አልቀርም። ብቻ ልጆቼን ወደ መንጎ ስወስዳቸው በሐሳቤ የነበረው ያ አልጋ ነው። የሚያምር ነገር አይተው፣ ንጉሥ ንጉሥ ሸቶን እንድንመለስ።

ጠዋት አክስታቸውን ጨምረን አምስት ሆነን በታክሲ ሄድን። መንጎ ከካምፓላ ኮረብታዎች አንዱ ነው። የቡጋንዳ ንጉሥ ካባካ ይባላል። ካባካ ሙዋንጋ እ.ኤ.አ. በ1885 እዚህ ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸውን ከተከሉ ወዲህ ቦታው የመንግሥቱ መቀመጫ ነው። የቡጋንዳ ምክር ቤት ከሚሰበሰብበት ከቡላንጌ ሕንፃ እስከ ቤተ መንግሥቱ በር ድረስ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ካባካ ንጃጋላ ይሉታል። በመንገዱ ዳርና ዳር የጎሣዎቹ ምልክቶች ቆመዋል። ባጋንዳዎች ከ50 በላይ ጎሣ ናቸው፣ እያንዳንዱ ጎሣም የራሱ ምልክት አለው፤ አንበሳ፣ ነብር፣ ጎሽ፣ ጦጣ፣ ዓሣ፣ ፌንጣ፣ እንጉዳይ ሳይቀር። ሰው የራሱን ጎሣ ምልክት አይበላም። የፌንጣ ጎሣ የሆነ ሰው፣ አገሩ ሁሉ ፌንጣ ጠብሶ ሲበላ እሱ ቁጭ ብሎ ያያል ማለት ነው።

ልጆቹ በዚህ ተደሰቱ። ወንዱ «የኛስ ምልክት ምንድን ነው?» አለኝ። «እኛ አባት ነው የምንቆጥረው፤ ሰባት ቤት ድረስ» አልኩት። «ቁጠርልኝ» አለኝ። ቆጠርኩለት። የራሱን ስም፣ የእኔን፣ የአባቴን፣ እያልኩ ወደ ላይ። አራተኛው ላይ ሲደርስ «ይሄን ሰውዬ አላውቀውም» አለ። «አያቴ ነው» አልኩት። «ለምን አልነገርከኝም?» አለ። እህቱ «አባዬ የሚነግረን ነገር የለም» ብላ ቀደም ቀደም ብላ ሄደች። የመጀመሪያው ጥይት ይቺ ናት።

መንገዱ መሐል ላይ አደባባይ አለ። መኪናው ሁሉ ዞሮ ያልፋል። መሐል ለመሐል ደግሞ የተዘጋ በር ያለው ቀጥ ያለ መተላለፊያ አለ፤ በዚያ የሚያልፉት ካባካ ብቻ ናቸው። ንጉሥ አይዞርም ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ወንዱ ትንሽ አሰበና «እኛ ግን ሁሌ እንዞራለን» አለ። የቱን መዞር እንዳሰበ እንጃ፤ የራሽኑን ሰልፍ ይሁን፣ የሆስፒታሉን ወረፋ ይሁን፣ የቢሮውን «ነገ ኑ» ይሁን። አክስቱ ከት ብላ ሳቀች፤ እኔ ግን ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

በሩ ላይ ከፍለን ገባን። ስደተኛ መሆናችንን ካርዳችንን አሳይቼ ስናገር ሴትዮዋ አየችን፣ ልጆቹን አየች፣ እንደ አገሬው አስከፈለችን። አስጎብኚ ተሰጠን፣ ቀጭን ወጣት ነው። በእንግሊዝኛ ይናገራል። እኔ ለልጆቹ ላስተረጉም ተዘጋጅቼ ነበር፤ ወንዱ ልጄ ነው ለኔ ያስተረጎመልኝ። እንዲህ ነው እንግዲህ የኛ ነገር፣ አባት በልጁ ምላስ ይሰማል።

መጀመሪያ ያሳየን እሳቱን ነው። ከዋናው በር አጠገብ እሳት አለ፤ ንጉሡ በሕይወት እስካሉ ቀንና ሌሊት ይነዳል፣ ንጉሥ ሲሞት ይጠፋል፣ አዲሱ ሲነግሥ ይለኮሳል። ትንሿ «ዝናብ ሲዘንብስ?» ብላ ጠየቀች። «የሚጠብቁት ሰዎች አሉ» አላት። ከዚያ ሣሩን አቋርጠን ወደ ሕንፃው ወጣን። ትዌኮቤ ይባላል፣ ነጭ ነው፣ ግርማ አለው። ከኮረብታው ላይ ሆነው ሲያዩ የሩባጋና የናሚሬምቤ ካቴድራሎች ፊት ለፊት ይታያሉ። ልጆቹ በሩን ሊገፉ ሲሉ አስጎብኚው «ወደ ውስጥ አይገባም» አለ። የቤቱ ውስጥ ለጎብኚ ክፍት አይደለም።

«አልጋውን አናይም?» አለች ትንሿ። ሌሊቱን ስለ ንጉሥ አልጋ ስተርክላት አድሬ ነበርና።

አላየንም። ያየነው ሌላ ነገር ነው። ግቢው ውስጥ የተቃጠለና የዛገ የመኪና አጽም አለ። «የካባካ ሮልስ ሮይስ ነበር» አለ አስጎብኚው። ወንዱ መኪና ይወዳል፤ ዞሮ ዞሮ አየውና «ማን ሰበረው?» ብሎ ጠየቀ። ታሪኩ የመጣው በዚች ጥያቄ ነው። እኔ እንደሰማሁትና ኋላም እንዳነበብኩት ላጫውታችሁ።

ዑጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1962 ነጻ ስትወጣ ሚልተን ኦቦቴ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በዓመቱ የቡጋንዳው ካባካ ዳግማዊ ሙቴሳ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ተባሉ። ሁለቱ ብዙ አልተስማሙም። በ1966 ኦቦቴ ሥልጣኑን ሁሉ ጠቅልለው ያዙ። በግንቦት ወር፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን፣ ሠራዊቱ በኢዲ አሚን አዛዥነት ይህን ግቢ አጠቃ። ጠባቂዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ቢሆንም ውጊያው ሰዓታት ወሰደ። በመሐሉ ከባድ ዝናብ ወረደ። ንጉሡ ያን ጊዜ ነው የጡቡን አጥር ዘለው የወጡት። ሲወድቁ ጀርባቸውን ተጎዱ። መንገድ ላይ ሲደርሱ የሚያልፍ ታክሲ አስቁመው ገቡ። ከዚያ በኮንጎ በኩል ቡሩንዲ፣ ከቡሩንዲ ለንደን። በ1967 መንግሥታቸው በሕግ ተሻረ፤ በኅዳር 1969 ለንደን ውስጥ በአንድ አፓርታማ ሞቱ። አስከሬናቸው አገሩ የገባው በ1971 ነው። ልጃቸው በእንግሊዝ አድገው፣ መንግሥቱ ሲመለስ በ1993 ነገሡ። ዛሬ በበሩ ላይ የሚነደው እሳት የእሳቸው ነው።

ወንዱ ልጄ ይህን ሁሉ ሲያስተረጉምልኝ ድምፁ እየቀነሰ መጣ። በመጨረሻ ማስተርጎሙን ተወና በራሱ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«አባዬ፣ ንጉሥም ይሰደዳል ወይ?»

«ይሰደዳል ልጄ። የኛም ንጉሥ ተሰደው ነበር» አልኩት። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ጃንሆይ በ1928 ዓ.ም. ወጥተው፣ እንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ኖረው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ መግባታቸውን ነገርኩት።

«ካርድ ነበራቸው?» አለ ወንዱ።

«ራሽንስ?» አለች ትንሿ።

አስጎብኚው ምን እንዳሉ ጠየቀ፤ አክስታቸው ነገረችው። እሱ አልሳቀም። «የእኔም ቤተሰቦች ተሰደው ነበር፤ አያቴ የሞተችው ከአገር ውጪ ነው» አለ። እኔ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ዑጋንዳዎችን የማያቸው ሁልጊዜ እንግዳ ተቀባይ፣ እኛን ደግሞ ሁልጊዜ እንግዳ አድርጌ ነበር። በአሚን ዘመንና ከዚያም በኋላ ስንት ዑጋንዳዊ ወደ ሱዳን፣ ወደ ኮንጎ፣ ወደ ኬንያ እንደተሰደደ አላስታወስኩም። የኛው ናኪቫሌም ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ያኔ ከሩዋንዳ የመጡትን ስትቀበል የኖረች ናት። እንግድነት ተራ ነው ለካ።

ከዚያ አስጎብኚው በዛፎቹ መሐል ቁልቁል ይዞን ወረደ። ኮረብታው ጎን ላይ የተቆፈረ የሲሚንቶ ዋሻ አለ። አሚን በ1971 ሥልጣን ከያዘ በኋላ እስራኤሎች የመሣሪያ ግምጃ ቤት ብለው የሠሩለት ነው። ኋላ ግን መሣሪያው ቀርቶ ሰው ታጎረበት። አስጎብኚው ከመግባታችን በፊት ቆመና «ውስጡ የስቃይ ቦታ ነበር። ልጆቹን ማስገባት የአንተ ፈንታ ነው» አለኝ።

እውነት ለመናገር እግሬ ነው ቀድሞ የሰማው። መስኮት የሌለው ቤት ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል። «ይበቃናል፣ እንመለስ» ልል አፌን ስከፍት ትልቋ ልጄ «እኔ እገባለሁ» አለች። በአማርኛ ሳይሆን በእንግሊዝኛ፣ ለአስጎብኚው። እኔን አላየችኝም።

ሁለቱን ትንንሾች ከአክስታቸው ጋር ሣሩ ላይ ተውናቸው። 6 ዓመትና 9 ዓመት ለዚያ ቦታ አይሆንም፤ በዚህ አሁንም አልጸጸትም። እኔና ትልቋ ገባን።

ዋሻው ውስጥ ረጅም መተላለፊያ አለ፣ በጎንና በጎኑ ከወለሉ ከፍ ያሉ ክፍሎች። መተላለፊያው ላይ ውኃ ይሞላ ነበር፤ ውኃው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይለቀቅ ነበር። ለመሸሽ የወረደ ሰው በውኃው ያልቃል። ሳይወርድ የቀረው በረሃብና በመታፈን ያልቃል። የአሚን ዘመን አልፎም ቦታው ሥራውን አላቆመም፤ እስከ 1980ዎቹ ቀጥሏል። ግድግዳው ላይ የእጅ አሻራ አለ፣ በከሰል የተጻፈ ጽሑፍም አለ። አስጎብኚው አንዱን አሳየን። ኦቦቴን ስሙን ጠርቶ፣ እኔን ገደልከኝ፣ ልጆቼስ እንዴት ይሁኑ? ይላል።

ሰውዬው ሊሞት ነው። ከሰል አግኝቷል፣ አንድ ነገር የሚጽፍበት ቦታ አግኝቷል። የጻፈው ስለ ልጆቹ ነው።

እኔ ከግድግዳው ጋር ተጣበቅሁ። ላብ አሰመጠኝ። ልጄ መጥታ እጄን ያዘች፤ እጄን ሳይሆን አንጓዬን፣ ጠባሳው ላይ። በጨለማው ውስጥ ጣቷን ዙሪያውን አዞረችና ቀስ ብላ «አባዬ፣ ዘይት እንዴት እንደ አምባር ዙሪያውን ይፈሳል?» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

«ትምህርት ቤት ልጆቹ አባትሽ ሰርቆ ነው የሸሸው ይሉኛል። እኔ የምመልሰው የለኝም» አለች።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኔ ታሪኬን ለስንት ሰው ተናግሬአለሁ? ለመመዝገቢያው ተናግሬአለሁ። በመጀመሪያው ኢንተርቪው፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ተናግሬአለሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት ሰው እንደነበርን፣ በምን እንዳሰሩን፣ ለማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አስተርጓሚ፣ ሲጻፍ እያየሁ ተናግሬአለሁ። እዚህ ካለነው ስንቶቻችን ነን እንደዚሁ? ፋይላችን ያውቀናል። ልጆቻችን አያውቁንም።

ከዋሻው ወጣን። ፀሐዩ ዓይናችንን ወጋው። ዛፍ ሥር ተቀመጥንና ነገርኳት። ስድስት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን መስኮት በሌለው ቤት እንደታሰርኩ፣ በሽቦ እንዳሰሩኝ፣ አንድ ሌሊት ወደ ሌላ ቦታ ሲያዛውሩን እንዳመለጥኩ፣ እናቷ እሷን አዝላ ድንበር ድረስ እንደተከተለችኝ። ማን እንዳሰረኝና በምን ምክንያት እንደሆነ ለእሷ ነግሬአታለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም፣ የዚህች ልሳን ጉዳይ አይደለም። «አልሰረቅሁም፣ ሰውም አልገደልኩም» አልኳት። ሁሉንም አልነገርኳትም። 13 ዓመት የሚሸከመውን ያህል ነው የነገርኳት፤ ሌላው በጊዜው ይደርሳል።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። «ታዲያ ለምን ዘይት አልከኝ?» አለች። «እንዳትፈሪ ብዬ» አልኳት። «እኔ የፈራሁት ያላወቅሁትን ነው» አለችኝ። ከዚህ በኋላ ምን ይመለሳል?

ትንንሾቹ ሲመጡ ነገሩን በአጭሩ፣ በልካቸው ነገርኳቸው፣ «አባዬን ክፉ ሰዎች አስረውት ነበር፣ አምልጦ እናንተን አገኘ»። ወንዱ ወዲያው «አጥር ዘለልክ? እንደ ንጉሡ?» አለ። «ከመኪና ነው የዘለልኩት» አልኩት። በጣም ተደሰተ። ለእሱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ካባካ ሙቴሳ አንድ ነን። ትንሿ አንጓዬን ስማ «አሁንም ያምሃል?» አለችኝ። «አያመኝም» አልኳት። እውነት ነበር፣ ያን ሰዓት አላመመኝም።

ስንወጣ ወንዱ አስጎብኚውን «ንጉሡን ያባረሩት ሰዎችስ የት ሄዱ?» ብሎ ጠየቀው። መልሱን ያኔ በግማሽ ጆሮ ነበር የሰማሁት፤ ኋላ ሳስበው ነው ያስደነገጠኝ። ኦቦቴን አሚን ገልብጦ አባረራቸው፤ ተመልሰው ገዝተው እንደገና ተገለበጡና በስደት ኖረው በ2005 ጆሃንስበርግ ሞቱ። አሚን በ1979 ሸሽቶ በ2003 ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ጂዳ ላይ ሞተ። እንግዲህ አስቡት። የተባረሩት ንጉሥ፣ ያስባረሩት መሪ፣ ግቢውን የደበደበው አዛዥ፣ ሦስቱም ነፍሳቸው የወጣችው ከአገራቸው ውጪ ነው። ይህን የጻፍኩት በማንም ለመፍረድ አይደለም። ስደት ውርደት የሚመስለው ልጅ ካለን፣ ነውሩ የሸሸው ሰው ላይ እንዳልሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስላላገኘሁ ነው።

ዓርብ የልጁ ውጤት ደህና ሆነ፣ መድኃኒት ተሰጠው፣ ቅዳሜ ተመለስን። ካያብዌ ላይ የምድር ወገብን ስናልፍ ትንሿ ተኝታ ነበር። ትልቋ በመስኮት ወደ ኋላ ዞራ አየችና «ያ በኩል ነው አይደል የኛ?» አለች። «አዎ» አልኳት። ይህን ካለችኝ በኋላ እስከ ምባራራ ትከሻዬ ላይ ተኛች።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ድርሰቱን እንደገና ጻፈችው። ሁለት ገጽ ሆነ። ለማንበብ ፈቃድ ጠየቅኳትና ሰጠችኝ። ስለ ዋሻው ጽፋለች፣ ስለ አያቴም ጽፋለች፤ ወንድሟ ያላወቀውን ሰውዬ እሷም አጥብቃ ጠይቃኝ ነበርና። ስለ አንጓዬ የጻፈችው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ምን እንደሆነ ለኔና ለእሷ ይቅር።

አሁን ወላጆችን የምለምነው እንደ ወንድም ነው። ካምፓላ ለሆስፒታልም ሆነ ለሌላ ጉዳይ የሚሄድ ሰው ልጅ ካስከተለ አንድ ቀን መንጎ ይውሰድ። ርካሽ ነው፣ ከመሐል ከተማ ሩቅ አይደለም። የስደተኛ ካርዳችሁን ያዙ። ከ10 ዓመት በታች ያሉትን ዋሻው ውስጥ አታስገቡ፤ እሳቱ፣ ሣሩ፣ የጎሣዎቹ ምልክትና የተቃጠለው መኪና ይበቃቸዋል፤ ከእናንተ ጋር ሌላ ትልቅ ሰው ይኑር። በተለይ ደግሞ እንደኔ የታሰረ ሰው ካለ ብቻውን አይግባ፣ የሚይዘው ሰው ይኑር። እኔን የያዘችኝ ልጄ ናት፤ ለልጅ ግን ከባድ ሸክም ነው።

መንጎ መሄድ የማትችሉ ደግሞ አትጨነቁ። ቁም ነገሩ ቤተ መንግሥቱ አይደለም። ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ቡና ሲፈላ፣ አባት ቁጠሩላቸው። ከየት እንደመጣችሁ፣ ለምን እንደመጣችሁ በልካቸው ንገሯቸው። ለኢንተርቪው ያልሰሰትነውን ለልጆቻችን አንሰስት። ያ ሰውዬ በከሰል የጠየቀውን ጥያቄ የሚመልስለት አላገኘም። የኛ ልጆች ግን አጠገባችን ተቀምጠዋል።

ቸር ይግጠመን። ለአገራችን በሰላም ያብቃን።